ለታካሚው ልክ የሚሠራ ቦለስ በስሪዲ ፕሪንተር፦ ከሲቲ እስከ ሕክምና አልጋ

ሊናክ (የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ማሽን) የሚያወጣው የፎቶን ጨረር ከፍተኛ ዶዙን (የጨረር መጠኑን) የሚያሳርፈው ከቆዳ ገባ ብሎ ነው። በ6 ሜጋቮልት ጨረር ይህ ቦታ ከቆዳው 1.5 ሴሜ ገደማ ጥልቀት አለው። ዕጢው በሰውነት ውስጥ ጠለቅ ብሎ ሲገኝ ይህ ቆዳን ስለሚያተርፍ ትልቅ ጥቅም ነው። ዕጢው ቆዳው ላይ ወይም እዚያው ከቆዳው ሥር ሲሆን ግን መታከም ያለበት ቦታ ከታዘዘለት ያነሰ ዶዝ ያገኛል። ስለዚህ ቆዳው ላይ ጨረሩን እንደ ሥጋ የሚቀበል ነገር ይደረባል፤ ቦለስ የሚባለው ይህ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሜ ወይም 1 ሴሜ ነው።

ጠፍጣፋ የጄል ቦለስ ደረት ወይም ጭን ላይ ጥሩ ሆኖ ይተኛል። አፍንጫ፣ ጆሮ፣ የዓይን ጥግ፣ አገጭ፣ የራስ ቅል ወይም የጣቶች መሃል ላይ ግን ይታጠፋል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ በየቀኑም ትንሽ ለየት ብሎ ያርፋል። ከሥሩ ከ5 ሚሜ የሚበልጥ የአየር ክፍተት ሲፈጠር የቆዳው ዶዝ በሚታይ መጠን ይወርዳል። የጨረሩ መስክ ትንሽ ሲሆንና ጨረሩ በሰያፍ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ከታካሚው ሲቲ ተነሥቶ የሚታተም ቦለስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉ ሲቲ፣ የዕቅድ ሶፍትዌርና ሊናክ ባለበት ማዕከል ለሚሠሩ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎችና የጨረር ቴራፒስቶች የተዘጋጀ ነው። የሐኪሙ ትእዛዝና የማዕከሉ የጥራት ቁጥጥር ሳይኖር ከፕሪንተር የወጣ ምንም ነገር ታካሚ ላይ አይደረግም። የሥራውን ውጤት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በቆዳውና በቦለሱ መካከል የሚቀር አየር፣ እንዲሁም በቦለሱ ሆድ ውስጥ የሚቀር ባዶ ቦታ። ሁለቱም ከውጭ ሲያዩት አይታዩም። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ እነዚህን ሁለቱን ለመከላከል ወይም ለመያዝ የታሰበ ነው።

ቁሱን አስቀድሞ ማወቅ

ፒኤልኤ፣ ኤቢኤስና ቲፒዩ በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተሙ ፕላስቲኮች ናቸው። ፒኤልኤ ለማተም የሚቀል ቁስ ነው። ብዙ አይጣመምም፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ቅርጹንም ይጠብቃል። ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.24 ግራም ነው። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ የታተመ 1 ሴሜ ፒኤልኤ በኤሌክትሮን ጥግግት ሲሰላ ከ1.18 ሴሜ ገደማ ውሃ ጋር ይስተካከላል። ኤቢኤስ 1.04 ግራም ስለሆነ ለውሃ በጣም ይቀርባል፤ ይሁን እንጂ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጠርዙ ከፕሪንተሩ ሳህን ይነሳል፣ ንብርብሮቹ ይሰነጠቃሉ፣ ጭሱም የአየር ማስወጫ ይፈልጋል። ቲፒዩ ተጣጣፊ በመሆኑ ቆዳ ላይ ይመቻል፣ ጥግግቱም ወደ 1.2 ነው። ችግሩ ቀስ ብሎ መታተሙና እርጥበት መሳቡ ነው። ሥራውን አዲስ ለሚጀምር ማዕከል ፒኤልኤ ይሻላል፤ ቲፒዩ እጅ ከፈታ በኋላ ይደርሳል።

የጥግግቱ ልዩነት ምን ያህል ያስጨንቃል? የ6 ሜጋቮልት ፎቶን በ1 ሴሜ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ የሚቀንሰው ከ4 እስከ 5 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የ1.8 ሚሜ ውሃ ልዩነት የሚያመጣው ከ1 በመቶ በታች ነው። በኤሌክትሮን ጨረር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኤሌክትሮን መድረሻ በሴንቲሜትር ሲለካ ከሜጋኤሌክትሮን ቮልቱ ግማሽ ገደማ ነው፤ የ6 ሜጋኤሌክትሮን ቮልት ጨረር 3 ሴሜ ላይ ያልቃል፣ ጠቃሚው ጥልቀት ደግሞ ከ2 ሴሜ በታች ነው። እዚህ ላይ 2 ሚሜ ማጣት ማለት የዕጢውን የታችኛውን ጠርዝ ማጣት ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሮን ለሚታከም ሰው ቦለስ ስትሠሩ የቁሱ ትክክለኛ ጥግግት ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት።

አዲስ ጥቅል ፊላመንት (ፕሪንተሩ የሚያቀልጠው የፕላስቲክ ክር) በተከፈተ ቁጥር 5 በ5 በ1 ሴሜ የሆነ ጡብ አትሙ። 25 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ በፒኤልኤ 31 ግራም መመዘን አለበት። ከዚያ ታካሚ በሚነሳበት በዚያው የሲቲ ፕሮቶኮል አንሡትና አማካይ የሃውንስፊልድ ቁጥሩን (ሲቲ ጥግግትን የሚያሳይበትን መለኪያ) እና መዋዠቁን መዝግቡ። ይህን መዝገብ በቀለምም ለዩት፤ አንዳንድ ነጭ ፊላመንት ለቀለሙ ሲባል ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ስላለበት በሲቲ ላይ ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል። የብረት ዱቄት፣ የእንጨት ብናኝ ወይም የካርቦን ጭረት የተቀላቀለበት ፊላመንት ለዚህ ሥራ አይገባም። አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም መርጦ በዚያ መጽናት ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ሲቲው ላይ የሚበላሽ ነገር በኋላ አይጠገንም

ታካሚው በሚታከምበት አኳኋን ይተኛል። የምስሉ ስላይስ (የአንዱ ቁራጭ ውፍረት) ከ1 እስከ 1.5 ሚሜ ይሁን፤ ከ2 ሚሜ አይለፍ። የ3 ሚሜ ስላይስ አፍንጫን ደረጃ ደረጃ አድርጎ ያወጣዋል፣ ደረጃውም እንዳለ ቦለሱ ላይ ይታተማል። የምስሉ ስፋትም ልብ ይባል። 50 ሴሜ ስፋት በ512 ሲካፈል አንዱ ፒክስል 1 ሚሜ ይጠጋል፤ 25 ሴሜ ሲሆን ግማሽ ሚሊሜትር ይሆናል። ለዶዝ ስሌት ግን ሰውነቱ በሙሉ መታየት ስላለበት፣ ከአንዱ ቅኝት ሁለት ጊዜ ምስል አውጡ፦ ሰፊውን ለዕቅዱ፣ ጠባቡን ለቦለሱ ቅርጽ። ታካሚው ተጨማሪ ጨረር አያገኝም።

ሐኪሙ የመስኩን ወሰን ለማሳየት ቆዳ ላይ የሚለጥፈው ቀጭን ሽቦ ቆዳውን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ካልታረመ በቦለሱ የውስጥ ገጽ ላይ ጎድጓዳ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ሽቦው በሕክምናው ቀን ሲነሳ ደግሞ የአየር ቦይ ይሆናል። የቆዳውን መስመር ስትከልሉ ሽቦውን ከውስጡ አውጡት። ፀጉርም እንዲሁ አየር ይይዛል፤ ወይ ይላጭ፣ ወይ በውሃ ርሶ ተጋድሞ ይታሰር፤ በሕክምናውም ቀን በዚያው ሁኔታ ይሁን። የጆሮ ጎድጓዳና የአፍንጫ ቀዳዳ በእርጥብ ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) ወይም በሰም የሚሞላ ከሆነ ከቅኝቱ በፊት ይሞላ። አፍንጫው የሚደፈን ታካሚ በአፉ በምቾት መተንፈሱን ጠይቁት፤ የቦለሱም ቅርጽ አፉን ነጻ ይተው።

ማስክ (ፊትን እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ ሽፋን) ለሚያስፈልገው ታካሚ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ማስኩ መጀመሪያ ባዶ ፊት ላይ ከተሠራ በኋላ 1 ሴሜ ቦለስ ከሥሩ ሊገባ አይችልም፤ ገብቶ ቢዘጋ እንኳ ፊቱን ያጣምማል። የመጀመሪያው ሲቲ ያለ ቦለስ ይነሳ፣ ቦለሱ ይታተም፣ ከዚያ ታካሚው ተመልሶ ቦለሱ ፊቱ ላይ ተደርጎ ማስኩ ከላዩ ይቀረጽ፣ ሁለተኛው ሲቲም በዚያው ይነሳ። ሁለት ቀጠሮ መሆኑ ለታካሚው አድካሚ ነው፤ ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቅርጹን ማውጣት

የቦለሱን ስትራክቸር (በምስሉ ላይ የሚከለለውን ቅርጽ) በዕቅድ ሶፍትዌሩ ውስጥ መሥራት ይመረጣል፤ ያኔ የታቀደውና የሚታተመው አንድ ይሆናል። የቆዳ መስመሩን ወደ −350 ሃውንስፊልድ አካባቢ በሚቆርጥ ገደብ አውጡ፣ ውፍረቱን ስጡ፣ ከመስኩ ጠርዝ በየአቅጣጫው ከ1.5 እስከ 2 ሴሜ አሳልፉት። ከዚያ በዳይኮም (የሕክምና ምስል የፋይል ዓይነት) አውጥታችሁ ነጻ በሆነው ስሪዲ ስላይሰር ፕሮግራም ስላይሰር አርቲ በተባለው ተጨማሪ ክፍሉ ክፈቱት። የዕቅድ ሶፍትዌራችሁ የማያወጣ ከሆነ በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ሆሎው የሚባለው መሣሪያ የቆዳውን ገጽ እንደ ውስጠኛ ገጽ ወስዶ የተፈለገውን ውፍረት ወደ ውጭ ያለብሰዋል፤ ያንን ቆርጣችሁ ታስተካክላላችሁ።

ለስላሳ ማድረጊያውን ከ1 እስከ 2 ሚሜ ብቻ ስጡት። ከዚያ ሲያልፍ የአፍንጫውን ክንፍና የዓይኑን ጥግ ይበላል፤ በስክሪኑ ያማረው ቅርጽ ፊት ላይ ሲደረግ ጥጎቹ ላይ አየር ይዞ ይቀመጣል። ሻካራ ሆኖ በልኩ የሚገባ ቦለስ ለስላሳ ሆኖ ከሚንሳፈፈው ይሻላል።

ጠጣር ቦለስ ከጆሮ ጀርባ ወይም ከአገጭ ሥር ታጥፎ መግባት አይችልም። በስክሪኑ ላይ ቦለሱን በሚገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡትና ቆዳውን የሚነካበትን ቦታ ፈልጉ። ያንን ቦታ ወይ ቁረጡት፣ ወይ ቦለሱን በሁለት ክፍል አድርጉት። በሁለት ሲከፈል መገጣጠሚያው በደረጃ የተደራረበ ይሁን፤ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከጨረሩ አቅጣጫ ጋር ከገጠመ ጨረሩ በስንጥቁ በቀጥታ ይገባል።

ፋይሉን ወደ ኤስቲኤል (ፕሪንተር ወደሚያትመው የቅርጽ ፋይል) ስትለውጡ ሁለት ስሕተቶች ያጋጥማሉ። አንደኛው የመለኪያው ነው፤ ኤስቲኤል አሃድ አይጽፍም፣ ሚሊሜትሩ እንደ ኢንች ከተነበበ ቅርጹ 25.4 ጊዜ ያድጋል፤ ይህ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው፦ ፕሮግራሞች የግራና የቀኝ አቅጣጫን በተለያየ ምልክት ስለሚያነቡ ቅርጹ እንደ መስታወት ሊገለበጥ ይችላል። የተገለበጠ የጆሮ ቦለስ አይገባም፣ ስለዚህ ይታወቃል። የተገለበጠ የአፍንጫ ቦለስ ግን ሊገባ ይቃረባል። ስለዚህ በውጭው ገጽ፣ ከመስኩ ውጪ ባለው ጠርዝ ላይ፣ የራስጌ ቀስት፣ የቀኝ ምልክትና የታካሚውን የመዝገብ ቁጥር በ0.5 ሚሜ ጥልቀት ቅረጹ፤ ስም አይጻፍ። የተጠናቀቀውን ኤስቲኤል መልሳችሁ ሲቲው ላይ ጫኑና ከላይ እስከ ታች በየስላይሱ እለፉ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ይህ ፍተሻ ሊታለፍ አይገባም።

ማተም

ለፒኤልኤ የ0.4 ሚሜ ኖዝል (የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበት አፍ)፣ የ0.2 ሚሜ ንብርብር፣ ከ200 እስከ 215 ዲግሪ ሴልሺየስ ኖዝል፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሳህን ጥሩ መነሻ ነው። ግድግዳው ሁለት ወይም ሦስት መስመር፣ ኢንፊሉ (የውስጡ ሙሌት) 100 በመቶ፣ ንድፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሁን። ለቲፒዩ ፍጥነቱን በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ሚሜ አውርዱ፣ ፊላመንቱንም በቀጥታ ከኖዝሉ በላይ የሚገፋ ፕሪንተር ተጠቀሙ፤ በረጅም ቱቦ ሲገፋ ይታጠፋል።

100 በመቶ ብሎ ማዘዝ 100 በመቶ መሙላት አይደለም። ባዶው ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የውስጡ መስመር ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝና ቅርጹ በሚቀጥንበት ቦታ ነው። ከግድግዳው ጋር ያለውን መደራረብ ወደ 25 በመቶ አድርጉ፣ የሚወጣውንም የፕላስቲክ መጠን በሙከራ ጡቡ ክብደት አስተካክሉ። የረጠበ ፊላመንት ሲታተም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ገጹ ላይም ጥቃቅን አረፋ ይታያል፤ አረፋው ውስጥም አለ። ፒኤልኤን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ባለ ማድረቂያ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አድርቁት፤ ቲፒዩ ከዚያ ትንሽ ሞቅና ረዘም ያለ ማድረቅ ይፈልጋል።

ድጋፍ (ፕሪንተሩ ያዘነበለን ቦታ ለመደገፍ የሚያትመው፣ በኋላ የሚላቀቅ ክፍል) ቆዳ በሚነካው ገጽ ላይ አይሁን። ሲላቀቅ የሚተወው ጉብታ ቆዳ ይወጋል፣ ቦለሱንም ያነሳዋል። ቦለሱን በጠርዙ አቁሙት፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ ብሪም (ሳህኑ ላይ የሚያጣብቀው ስስ ጠርዝ) ስጡት፤ ያኔ የውስጡ ገጽ ወደ ቁም ይጠጋና ድጋፍ ሳያስፈልገው ይወጣል።

ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉት። የ0.2 ሚሜ ንብርብር፣ የ0.45 ሚሜ ስፋት፣ በሰከንድ 50 ሚሜ ሲሆን በሰከንድ 4.5 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ይወጣል። 100 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ቦለስ በዚህ ስሌት ከ6 ሰዓት በላይ፣ ከባዶ እንቅስቃሴው ጋር ደግሞ 7 ወይም 8 ሰዓት ይወስዳል፤ በቲፒዩ እጥፍ ይሆናል። ቀጠሮ ስትይዙ አንድ ጊዜ ተበላሽቶ እንደገና ለማተም የሚበቃ ጊዜ ተዉ። መሃል ላይ የቆመ ሕትመት ቀጥሎ ቢጨረስም ለታካሚ አይውልም፤ የተቋረጠበት ንብርብር በደንብ አይያያዝም።

ፕሪንተሩ ሲያቆም

ብሪሙን ቁረጡ፣ ቆዳ የሚነካውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አድቡ፣ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። ከዚያ መዝኑ። ስላይሲንግ ፕሮግራሙ (ቅርጹን ለፕሪንተሩ በንብርብር የሚከፍለው) የሰጣችሁን ይዘት በቁሱ ጥግግት አባዙ፦ 85 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር በ1.24 ሲባዛ 105.4 ግራም ነው። ሚዛኑ 97 ግራም ካለ ከ100 እጅ 8 እጁ አየር ነው ማለት ነው፤ ይህ ቦለስ አይሄድም። እስከ 2 በመቶ ያለ ልዩነት እንቀበላለን፤ ከዚያ ሲያልፍ ምክንያቱ ይፈለጋል፦ የተደፈነ ኖዝል፣ እርጥበት፣ የተንሸራተተ ፊላመንት።

ክብደት አየሩ የት እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ ቦለሱ ብቻውን ሲቲ ይነሳ። ምስሉን በተለመደው የለስላሳ ሥጋ ዊንዶ (የምስሉ የብርሃን ቅንብር) ብቻ ሳይሆን በሳምባ ዊንዶም ተመልከቱት፤ አየር የቀረበት ቦታ ቀጫጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ጥቁር መስመር የመደራረብ ጉድለት ነው። በአንድ ከፍታ ላይ አግድም የሚያቋርጥ መስመር ደግሞ ኖዝሉ ለትንሽ ጊዜ ፕላስቲክ ማውጣት አቁሞ እንደነበር ያሳያል። ውፍረቱን በካሊፐር በተለያዩ አምስት ቦታዎች ለኩ፤ ከታቀደው ከ0.5 ሚሜ በላይ መለየት የለበትም።

ሁለተኛው ሲቲና ዕቅዱ

ታካሚው ቦለሱን ለብሶ ሲነሳ የምትፈልጉት የአየር ክፍተቱን ነው። ከ2 ወይም 3 ሚሜ በታች ያለ ቀጭን ክፍተት ይታለፋል። 5 ሚሜ የደረሰ ከሆነና ዕጢው ላይ ካረፈ ቦለሱ እንደገና ይሠራ፤ በጣት ተጭኖ ወይም በፕላስተር ተጎትቶ የገጠመ ቦለስ ነገ በዚያው አይገጥምም። ክፍተቱ ትንሽና የታወቀ ቦታ ላይ ከሆነ በእርጥብ ጋዝ መሙላት ይቻላል፤ ያኔ ጋዙ የዕለቱ አሠራር ውስጥ ተጽፎ ይግባ።

የመጨረሻው ዕቅድ በዚህ ሲቲ ላይ ይሰላ። የዕቅድ ሶፍትዌሩ የሃውንስፊልድ ቁጥርን ወደ ጥግግት የሚቀይርበት መስመር ለሰው ሥጋና አጥንት የተሠራ ነው፤ ፕላስቲክ በዚያ መስመር ላይ በትክክል አይወድቅም። ለፎቶን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለኤሌክትሮን ግን ቦለሱን ለይታችሁ በሙከራ ጡቡ የለካችሁትን ጥግግት በእጅ ስጡት።

ጠጣሩ የማይሆንለት ታካሚ

የቆሰለ፣ የሚያምና ጫና የማይችል ቆዳ ላይ ሲሊኮን ይሻላል። ፕሪንተሩ ያኔ የሚያትመው ቅርጽ ማስያዣውን ነው፦ አንዱ ክፍል የታካሚውን ቆዳ ገጽ፣ ሌላው የቦለሱን ውጭ ይይዛል። ለቅርጽ ማስያዣው ኢንፊሉ 15 ወይም 20 በመቶ ቢሆን ይበቃል፤ ጨረር አያልፍበትምና። በፕላቲነም የሚረጋ ለስላሳ ሲሊኮን ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ክፍሎቹ እኩል ለእኩል ይቀላቀላሉ፣ ጥግግቱም 1.07 ገደማ ነው። ከተቀላቀለ በኋላ በቫክዩም አረፋው ይውጣ፤ ከዚያ ከዝቅተኛው ጥግ በቀጭኑ እየወረደ ይፍሰስ።

ይህ ሲሊኮን የላቴክስ ጓንት ሲነካው አይረጋም፤ ላቴክስ ውስጥ ያለው ድኝ መርጊያውን ይገድለዋል። የኒትራይል ጓንት ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን በትንሹ ሞክራችሁ ጀምሩ። በሬዚን የታተመ ቅርጽ ማስያዣም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል፣ የነካው ገጽ ሙጫ ሆኖ ይቀራል፤ ለዚህ ፒኤልኤ ይመረጣል። በነገራችን ላይ ሬዚን በሙሉ ካልጠነከረ ቆዳን ያስቆጣል። ለቆዳ ንክኪ የተረጋገጠ ካልሆነ በቀር ቦለሱን ራሱን በሬዚን አታትሙ።

ሕክምና ክፍሉ ውስጥ

ቦለሱ በስስ ፕላስቲክ አንድ ዙር ይጠቅለል፣ በየዕለቱ ይጠረግ፣ ለአንድ ታካሚ ብቻ ይዋል። ሁለት ዙር መጠቅለያ ተጨማዶ አየር ይይዛል። በአውቶክሌቭ አይቀቀል፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተው፤ ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራልና ቅርጹን ይስታል። በመጀመሪያው ቀን በቆዳውና በቦለሱ መካከል የጨረር መለኪያ ፊልም ወይም ቲኤልዲ (የተቀበለውን ዶዝ የሚመዘግብ ትንሽ መለኪያ) አድርጉ። ከተሰላው ዶዝ ከ5 በመቶ በላይ ከተለየ ቀጣዩ ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት አቀማመጡ ይፈተሽ። መለኪያው ራሱ ቦለሱን ከፍ እንዳያደርግ ስስ የሆነውን ምረጡ።

በየዕለቱ ከሕክምናው በፊት በሚነሳው ምስል ላይ ቴራፒስቱ አጥንቱን ብቻ ሳይሆን የቦለሱን የውስጥ መስመርም ይመልከት። ዕጢው እየቀነሰ፣ ፊቱ እያበጠ ወይም ታካሚው እየከሳ ሲሄድ በመጀመሪያው ሳምንት የገጠመው ቦለስ በኋላ ይላላል ወይም ይጨንቃል። ክፍተቱ ከተቀመጠው ገደብ ሲያልፍ በአዲስ ሲቲ አዲስ ቦለስ ይታተማል፣ ዕቅዱም ይታደሳል። የተሰነጠቀም ቦለስ በማጣበቂያ አይጠገንም፤ የጸደቀው ኤስቲኤልና የሕትመት ቅንብሩ ከታካሚው መዝገብ ጋር ስለሚቀመጥ ሌላ ታትሞ፣ ተመዝኖና ሲቲ ተነሥቶ ይተካል።